ሃምሳ አለቃው፣ ሻለቃውና ኮሎኔሉ

አንድ ቀን፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ኮምቦልቻ ውስጥ የሃምሳ አለቃ አሊጋዝን የቆርቆሮ በር አንኳኩ። አንደኛው መምሬ ገላው፣ ሁለተኛው ሐጂ እንድሪስ ናቸው። የመጡት ለጋብቻ ነው። ጎሚስታ የሚሠራው አንዳርጌ የሃምሳ አለቃውን ልጅ እታፈራሁን ወዷታል፤ እሷም ወዳዋለች፤ የቀረው የአባት እሺታ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰው፣ የሚናገሩትን መንገድ ላይ ሲለማመዱ መጥተው፣ «ቤቶች» ብለው ሁለተኛውን ከማንኳኳታቸው በፊት፣ ከውስጥ ሁለት ውሾች እንደ ጎርፍ መጡ። በሩ ደግሞ አልተቀረቀረም ነበር።

መምሬ ገላው በዚያ ዕድሜያቸው የጎረቤት የድንጋይ አጥር ላይ ተገኙ። እንዴት እንደወጡ እሳቸውም እስከ ዛሬ አያውቁም፤ ያወረዳቸው ግን መሰላል ነው። ሐጂ እንድሪስ አልሮጡም። በከዘራቸው እየተከላከሉ፣ የኋሊት እየተራመዱ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሄዱ፤ የጋቢያቸው ጫፍ ግን በአንዱ ውሻ አፍ ቀረ። በእምነታቸው ውሻ አፉን ያሳረፈበት ልብስ ሰባት ጊዜ መታጠብ አለበትና፣ «ልጅ ልጠይቅ መጥቼ ልብስ ላጥብ ልመለስ ነው» እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ይህ ሲሆን ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ በሩ ተዘግቶ ስለነበር ማንም አልተነካም፤ ነገር ግን ጩኸቱ ስላየለ ማን እንደመጣ ከውስጥ የሰማ ሳይኖር ተመለሱ። አሁን ግን መረራቸውና ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ መልእክት ላኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ ለመጨረሻ ጊዜ ይመጣሉ። ያን ቀንም የሚቀበላቸው ውሻ ከሆነ፣ አባትየው እንቢ እንዳሉ ቆጥረው ለአንዳርጌ ሌላ ቤት ያንኳኩለታል።

እታፈራሁ ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እናቷ ወይዘሮ ዘርትሁን አብረዋት ሊያለቅሱ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር፤ ግን ውሾቹ በዚያው ሰዓት የልብስ ማጠቢያውን ገበቴ ስለገለበጡ እሱን ሊያነሱ ሄዱ።

ስለ ውሾቹ መናገር ያስፈልጋል። ቡናማው ሻለቃ ይባላል፤ ጥቁሩ ኮሎኔል። ሃምሳ አለቃ አሊጋዝ ሃያ ሁለት ዓመት ውትድርና አገልግለው ከሃምሳ አለቃነት አላለፉም፤ እሳቸው ያላገኙትን ማዕረግ ለውሾቻቸው ሰጡ። ሰፈርተኛው «ሃምሳ አለቃ ሻለቃን እንዴት አድርጎ ያዛል? ሰላምታ መስጠት ያለባቸውስ እሳቸው ናቸው» እያለ ይስቅ ነበር። በእርግጥ የሚስቀው እሳቸው በሌሉበት ነው።

ውሾቹ ክፉዎች አልነበሩም። የቤት ሰው አይነክሱም፤ ሕፃን ጆሯቸውን ቢጎትት ዝም ይላሉ። ችግሩ ሌላ ነው። በር ሲንኳኳ ይጮሃሉ። አህያ ሲያልፍ ይጮሃሉ። የድስት ክዳን ሲወድቅ፣ ሬዲዮው ዜና ሲጀምር፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይጮሃሉ። እንግዳ ከገባ ደረቱ ላይ ይወጣሉ፤ ጫማ ካወለቀ አንዱን ይዘው ይሄዳሉ፤ ምሳ ከቀረበ ከሰው ቀድመው ይደርሳሉ።

ሃምሳ አለቃ አሊጋዝ ደግሞ ሁሉን የሚያውቁ ሰው ናቸው። ለግንበኛው ስለ ሲሚንቶ፣ ለሐኪሙ ስለ ኪኒን፣ ለመምሬ ገላው ሳይቀር ስለ ጾም ያስረዳሉ። ስለ ውሻ ማንም ቢናገራቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ አራት መቶ ምልምል አሰልጥነዋል፤ ሁለት ውሻ አያቅታቸውም። የሚያሰለጥኑት እንዲህ ነው። በር ይንኳኳል፤ ውሾቹ ይጮሃሉ፤ ሃምሳ አለቃው በካናቴራ ብቻ ከቤት ዘልለው ይወጡና በዚያ በሰልፍ ሜዳ ድምፃቸው «ዝም በል፣ ተኛ፣ ቁም» ይላሉ፤ ሦስቱንም ባንድ ትንፋሽ። ውሾቹም የትኛውን እንደሚታዘዙ ስለማያውቁ መጮሃቸውን ይቀጥላሉ።

ስለ ሽማግሌዎቹ ሲነገራቸውም አልደነገጡም። ውሻ የሚፈራ ሽማግሌ ምን ያስማማል አሉ፤ ልጃቸውን የፈለገ መጀመሪያ ውሾቻቸውን ይለፍ አሉ። እታፈራሁ ደግማ አለቀሰች።

ወይዘሮ ዘርትሁን በዚህ ጊዜ ነው ታናሽ ወንድማቸውን ጓንጉልን ያሰቡት። ጓንጉል ባለጋሪ ነው። ፈረሱ በከተማው የታወቀ ነው፤ መናኸሪያው በር ላይ፣ በአውቶቡስ ጡሩምባ መሐል፣ ቆሞ እንቅልፉን የሚተኛ ፈረስ ነው። ጅራፍ አይቶ አያውቅም። ወይዘሮዋ ሄደው ችግራቸውን ነገሩት። በማግሥቱ ጋሪውን ደጅ አቁሞ ገባ፤ ባልዲ ገልብጦ ግቢው መሐል ተቀመጠና እስከ ምሳ ድረስ ምንም ሳይናገር ሲያይ ቆየ። በዚያች ግማሽ ቀን በሩ ዘጠኝ ጊዜ ተንኳኳ።

ምሳ ላይ እኅቱ ምን እንዳየ ጠየቁት።

«እታለም፣ በዚህ ግቢ የሚጮሁት ስንት ናቸው?» አላቸው።

«ሁለት ናቸዋ።»

«እኔ ሦስት ቆጠርኩ።»

ወይዘሮ ዘርትሁን ባላቸው እንዳይሰሙ ወደ መስኮቱ አዩ። ጓንጉል ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳቸው። ውሻ አማርኛ አያውቅም፤ የሚያውቀው ድምፅ ነው። ደጅ ሰው ሲመጣ እሱ ይጮሃል፤ ወዲያው ጌታው ከቤት ወጥተው ከሱ የበለጠ ይጮሃሉ። ውሻውም በልቡ «ለካ ነገሩ ከባድ ነው፤ እሳቸውም ሊያግዙን መጡ» ይላል። ስለዚህ ይበረታል። እሳቸውም ይበረታሉ። እንዲህ ሲተጋገዙ ስድስት ዓመት ሆናቸው።

ሃምሳ አለቃው ጓንጉል ውሾቹን ሊያስተካክል እንደመጣ ሲነገራቸው ብዙ ሳቁ። ፈረስ ነጂ ውሻ ሊያሰለጥን ነው ወይ አሉ፤ ነገ ደግሞ ዶሮ አርቢ ዝሆን ያሰለጥናል አሉ። ሆኖም አልከለከሉትም። እንደማይሆንለት እርግጠኛ ስለነበሩ ሲወድቅ ማየት ፈለጉ።

ሥራው በማግሥቱ ጠዋት ተጀመረ። ጓንጉል ሻለቃንና ኮሎኔልን በገመድ ይዞ፣ ከጋሪው ጎን እያስኬደ፣ እስከ ቦርከና ወንዝ ድረስ ወስዶ ይመልሳቸዋል። ሲመለሱ ምላሳቸው ተንጠልጥሎ፣ ለመጮህም ለመዝለልም ጉልበት የላቸውም። ግቢው ውስጥ ባለው የዘይቱን ዛፍ ሥር ሁለት ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፎላቸዋል። አይጠራቸውም፤ ተኙም አይላቸውም። ራሳቸው ደክሟቸው ከረጢቱ ላይ ሲጋደሙ ግን ቀስ ብሎ ይሄድና ከሥጋ ቤት ያመጣትን ቁራጭ ከፊታቸው ያስቀምጣል። ተነሥተው ደረቱ ላይ ከዘለሉ ጀርባውን ይሰጣቸውና ሰማዩን ያያል። ኮሎኔል አንድ ቀን ምን እንደሚያይ ግራ ገብቶት አብሮት ሰማዩን ሲያይ ቆይቷል።

ለእታፈራሁ የሰጣት ሥራ ከሁሉም የከበደ ነበር። ከግቢው ትወጣለች፤ በሩን ትዘጋለች፤ ታንኳኳለች። ውሾቹ ከጮሁ ማንም አይከፍትላትም፤ ማንም አይቆጣቸውም። ትንፋሽ ሊወስዱ ጸጥ ያሉ እንደሆነ በሩ ይከፈታል፤ እሷም ምንም እንዳልተፈጠረ ትገባለች። ከዚያ ደግማ ትወጣለች። በቀን ሃምሳ ጊዜ። መንገደኛው ይህችን ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ የአባቷን በር ስታንኳኳ እያየ ከንፈሩን ይመጥ ነበር። አንዲት ጎረቤት ፍቅር ነው እንዲህ ያደረጋት ብላ ለወይዘሮ ዘርትሁን ጠበል ጠቁማቸዋለች።

ዘጠኝ ቀን ሲሞላ ለውጥ መጣ። በር ሲንኳኳ ሻለቃ ጭንቅላቱን ያነሣል፤ ኮሎኔል አንድ ጊዜ ይጮሃል፤ ከዚያ ሁለቱም ጓንጉልን ያዩና ከረጢታቸው ላይ ይጋደማሉ። አህያም አለፈ፤ የድስት ክዳንም ወደቀ፤ ጸጥታ ነው። እታፈራሁ መሳቅ ጀመረች።

ግን ይህ ሁሉ ሃምሳ አለቃው ቤት በማይኖሩበት ጊዜ ብቻ ነው። ከእድር ሲመለሱ ገና በሩን እንደከፈቱ፣ ምንም ድምፅ ያላሰሙትን ውሾች «ዝም በል» ይሏቸዋል። ምናልባት ሊጮሁ አስበው ከሆነ በሚል ነው። ውሾቹም ጌታቸው ከጮሁ ምክንያት አለ ብለው ይነሣሉ። የዘጠኝ ቀን ድካም ባንድ ደቂቃ ገደል ይገባል። ሃምሳ አለቃውም ጓንጉልን አይተው «ይኸው፣ አላልኩህም?» ይላሉ።

አሥራ ሦስተኛው ቀን ላይ እታፈራሁ አጎቷን ለብቻው ጠራችው። ያን እሑድ አባቷን በሆነ ምክንያት ወደ ደሴ መላክ እንደሚሻል አሰበች። ጓንጉል ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«አባትሽ ከሌሉ እሺ የሚለው ማን ነው? ሻለቃ ነው ወይስ ኮሎኔል?»

ስለዚህ የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነበር። ሦስተኛውንም ማሰልጠን። ይህኛው ደግሞ በሥጋ ቁራጭ አይሆንም።

ጓንጉል ያን ቀን ማታ ሃምሳ አለቃው ራታቸውን በልተው እንደጨረሱ አጠገባቸው ተቀመጠ። እንደተሸነፈ ነገራቸው። እሱ ከፈረስ በላይ እንደማያውቅ፣ የእሳቸውን ምክር ከመጀመሪያው አለመጠየቁ ስሕተት እንደሆነ ተናዘዘ። ሃምሳ አለቃው ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ሰሙት፤ ደስ አላቸው። ከዚያ ጓንጉል እንደ ተማሪ አንገቱን አቀርቅሮ ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ ደፈጣ ላይ የተኛ ወታደር እንዴት ነው የሚታዘዘው?»

ሃምሳ አለቃው ስንጥሩን አስቀመጡ። ይህን ጥያቄ ለሃያ ዓመት የጠየቃቸው አልነበረም። ደፈጣ ላይ የሚጮህ አለቃ ጓዶቹን ያስፈጃል አሉ። ደፈጣ ላይ ትእዛዝ በእጅ ምልክት ነው፤ በዓይን ነው፤ ቢበዛ በሹክሹክታ ነው። መዳፋቸውን ዘርግተው ቀስ ብለው ወደ መሬት ዝቅ አደረጉና፣ ይህ ማለት ተኛ ነው ብለው አሳዩት። ተነሥተው በእግራቸው ጣት እየተራመዱም አሳዩት። ጓንጉል አፉን ከፍቶ አዳመጠ።

«እነዚህ ውሾች የሰልፉን ትምህርት ጨርሰዋል መሰለኝ፤ ድምፅዎን ለምደውታል። የቀራቸው ደፈጣው ነው። እሱን ደግሞ እኔ ከየት አመጣለሁ» አለ።

ሃምሳ አለቃው ያን ማታ ሲያስቡ አመሹ።

በማግሥቱ በር ተንኳኳ። ሃምሳ አለቃ አሊጋዝ ከቤት ወጡ፤ ግን አልዘለሉም። በጣታቸው እየተራመዱ፣ ጎንበስ ብለው፣ አንድ እጃቸውን ከፍ አድርገው ወጡ። ሻለቃና ኮሎኔል ጌታቸውን እንዲህ አይተዋቸው ስለማያውቁ መጮህ ረሱ። ሃምሳ አለቃው መዳፋቸውን ቀስ ብለው ዝቅ አደረጉ። ውሾቹ እርስ በርስ ተያዩና ሄደው ከረጢታቸው ላይ ተኙ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ሃምሳ አለቃው ነገሩ ስለጣማቸው ምሳ ላይ ውሃ ሲፈልጉ እንኳ በምልክት ነበር የሚጠይቁት። ወይዘሮ ዘርትሁን በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራቸው የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ወፍ እንደሚራመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙ። ሃምሳ አለቃውም በሄዱበት ሁሉ፣ እድር ላይም፣ ጸጉር አስተካካይ ቤትም፣ ውሾቻቸውን ደፈጣ እንዳስተማሩ ያወሩ ጀመር። የጓንጉልን ስም አላነሡም። ጓንጉልም አላስታወሳቸውም።

እሑዱ ደረሰ። መምሬ ገላውና ሐጂ እንድሪስ መጡ። ሐጂ እንድሪስ ለዚህ ቀን ያረጀ ጋቢያቸውን ነው የለበሱት። መምሬ ገላው በሩን ከማንኳኳታቸው በፊት የጎረቤቱን የድንጋይ አጥር በዓይናቸው ለኩት፤ ካለፈው ጊዜ ይልቅ ረጅም መሰላቸው። ከዚያ አማተቡና አንኳኩ።

ውስጥ ሁለት ጭንቅላት ቀና አለ። የሃምሳ አለቃው መዳፍ ዝቅ አለ። ጸጥታ ሆነ። በሩ ተከፈተ፤ ሽማግሌዎቹም እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው አጠገብ እንደሚያልፍ ሰው በጣታቸው እየረገጡ በዘይቱኑ አጠገብ አልፈው ገቡ። ሻለቃ ጅራቱን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መታ እንጂ አልተነሣም።

ቤት ሲገቡ ወንበር ቀረበላቸው። እነሱ ግን እንደ ወጉ አልተቀመጡም፤ እሺ ካልተባሉ እንደማይቀመጡ ተናገሩ። ቆመውም የመጡበትን ነገር ዘረዘሩ። እታፈራሁ ከመጋረጃው ጀርባ ናት። ጓንጉል በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ሃምሳ አለቃው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፤ የልጁን ሥራ ጠየቁ፤ ዘሩን ጠየቁ፤ ስለ ጎማም ትንሽ አስረዱ። ነገሩ ወደ እሺታው እየተጠጋ ሳለ ሐጂ እንድሪስ ዓይናቸውን ከግቢው ማንሣት አልቻሉም።

«ሃምሳ አለቃ፣ እነዚህ የያኔዎቹ ናቸው ወይስ ለወጧቸው?» አሉ።

ሃምሳ አለቃው ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ ነበር። ስለ አራት መቶው ምልምል አወሩ፤ ስለ ደፈጣ አወሩ፤ መዳፋቸውን ሦስት ጊዜ ዝቅ አድርገው አሳዩ። ወደ ጓንጉልም በአገጫቸው እየጠቆሙ፣ ይህ የሚስቴ ወንድም አጥንት እያቀበለ ረድቶኛል አሉ። ወይዘሮ ዘርትሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

መምሬ ገላው አጥሩ ትዝ ብሏቸው፣ ታዲያ ያኔ ምን ሆነው ነው እንዲያ ያበዱት ብለው ጠየቁ።

«ምን ይሆናሉ አባቴ» አሉ ሃምሳ አለቃው፣ ጥፋቱን ከራሳቸው ለማራቅ ቸኩለው፣ «አሳዳጊ የበደላቸው ነበሩ።»

ሐጂ እንድሪስ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ከማን ነው ያመጧቸው?»

«ከማንም። ዓይናቸው ሳይገለጥ ጀምሮ፣ በዚህ እጄ ወተት እያጠጣሁ ያሳደግኋቸው እኔው ነኝ። ሌላ ሰው እጁን አላስገባም።»

መምሬ ገላው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ወይዘሮ ዘርትሁን የነጠላቸውን ጫፍ ነከሱ። ሃምሳ አለቃው ምን እንዳሉ የገባቸው ከሁሉም ሰው በኋላ ነው፤ ሲገባቸው ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ሐጂ እንድሪስ ግን አልሳቁም። ጋቢ ሰባት ጊዜ ያጠቡ ሰው ናቸው፤ ያገኟትን አጋጣሚ በቀላሉ የሚለቁ አይደሉም።

«እንግዲህ ሃምሳ አለቃ፣ እኛ የሰው ልጅ አደራ አለብን። ነገ አንዳርጌ ቢጠይቀን የምንመልሰው ያስፈልገናል። እንደሰማነው የዚህ ቤት አሳዳጊ በዳይ ነው። ታዲያ ልጅቷንስ ማን ነው ያሳደጋት?»

ሃምሳ አለቃ አሊጋዝ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ነኝ ቢሉ ሽማግሌዎቹ በመጡበት ሊመለሱ ነው፤ እኔ አይደለሁም ቢሉ የእሺታው ባለቤት ማን ሊሆን ነው። ሁሉን የሚያውቁት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሉት ጠፍቷቸው፣ ሳያስቡት ወደ በሩ፣ ወደ ባለጋሪው ዞረው አዩ።

ጓንጉል በሩን ለቀቀና አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ።

«ሐጂ፣ አይስጉ» አለ። «ጋሼ ውሾቹን ሲያሳድጉ ጊዜ አጥሯቸው፣ ልጅቷን ያሳደገቻት እኅቴ ናት።»

ሃምሳ አለቃ አሊጋዝ ሚስታቸውን አዩ፤ ጓንጉልን አዩ፤ በመጨረሻም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «እንግዲህ ተቀመጡ» አሏቸው።